ሦስት እልልታ

ከጥዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ካፊያው አባርቶ በወይራ ገደል ላይ ጭጋግ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሠርክአዲስ ድፎ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ከደጇ ወጣች። ልጇ ያምሮት ተከተለቻት፤ ከያምሮት ኋላ ምራቷ ምሥራቅ። ሦስቱም ነጭ ለብሰዋል፤ ልጅ ክርስትና ሊያስነሱ የሚሄዱ ሴቶች የሚለብሱትን። ምሥራቅ ሕፃኑን በአንቀልባ አዝላ ነጠላዋን ከላዩ አጣፍታለች። ሕፃኑ ከዶሮ ጩኸት በፊት ሞቷል።

ይህን ከሦስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንዲያውቅም አልተፈለገም።

በዚያ ዓመት መሣሪያ የያዙ ሰዎች በመንደሩ ትምህርት ቤት ሰፍረው ነበር። የማን ወገን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፤ ጮኾ የሚናገር ግን የለም፤ መንደሩ «ሰዎቹ» ይላቸዋል። ከእነሱ በፊት ሌሎች ነበሩ፤ እነዚያንም «ሰዎቹ» ይላቸው ነበር። የሠርክአዲስ ልጅ ደጀኔ፣ የምሥራቅ ባል፣ በፊተኞቹ ጊዜ ወደ ቡሬ ገበያ እንደ ወጣ ቀረ። በኋለኞቹ ጊዜ የጎረቤት ልጅ አደይ በጠራራ ፀሐይ ወደ ምንጭ ወርዳ ሁለት ሌሊት ሳትመለስ አደረች። ስትመጣ ቢጫውን ጀሪካን ተሸክማ ነበር፤ ውኃ ሞልታዋለች። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገሩ እንዳይወራ ተስማሙ። አደይን የጠየቃት አልነበረም። ጀሪካኑን ከደጃፏ አስቀመጠችው፤ ውኃውን የጠጣ ሰው የለም፤ እስኪሸት ድረስ እዚያው ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ሴት ልጅ ያለው ቤት ሁሉ የየራሱን መላ ፈለገ። አንዱ ልጁን በጥድፊያ ዳረ። አንዱ ሽንዲ ካለ ዘመድ ሊያስጠጋት ላከ፤ መንገዱ ሲዘጋ ልጅቷ ከመሐል ቀረች። የሠርክአዲስ መላ ከሙያዋ የመጣ ነበር። አዋላጅ ናት።

ምሥራቅ በግንቦት፣ በደብረ ምጥማቅ ዕለት፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ሠርክአዲስ የልጅ ልጇን እትብት ቆረጠች፤ አጠበችው፤ ከእናቱ ደረት ላይ አስተኛችው፤ ወደ ደጅ ወጣች። ሴቶቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ መንደሩ ምን እንደተወለደ የሚያውቀው በዚህ ነው። ሠርክአዲስ እልል አለች፤ ደገመች፤ ሠለሰች፤ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፤ ሴት በሰማንያ ቀኗ። እስከዚያ ቤቱ የአራስ ቤት ነው። ባዕድ ወንድ አይገባበትም፤ የገባ ሰው ጠበል ሳይረጭ ቤተ ክርስቲያን አይሳለምም። ሠርክአዲስ በዚያች ሰዓት የሰረቀችው ቀሪውን አርባ ቀን ነበር። ወደ ውስጥ ስትመለስ ምሥራቅ ዓይኗን ገልጣ ጠበቀቻት።

«ሦስት ብቻ ሰማሁ» አለች ምሥራቅ።

«ሦስት ነው ያልሁት።»

ምሥራቅ ከመጋረጃው አጠገብ የቆመችውን ያምሮትን አየቻት። ያምሮት በዚያ ዓመት ዐሥራ ስድስት ሞልቷታል። ምሥራቅ ፊቷን ወደ ሕፃኑ መለሰች።

ሰዎቹ መጥተዋል። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ አንዱ በጠመንጃው አፈ ሙዝ በሩን ገፋ አድርጎ ቆመ።

«ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«አራስ አለች» አለች ሠርክአዲስ።

«ምን ወለደች?»

«ሴት።»

በሸሚዙ ክፍት የአንገቱ ማተብ ይታያል። እግሩን ከመድረኩ ወደ ኋላ ሳበ። «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለና ጠመንጃውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ ሄደ። ከመጋረጃው ጀርባ ያምሮት፣ አደይና ሌሎች የጎረቤት ልጃገረዶች ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠው ነበር። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ትከሻቸው ይረግብ ነበር።

ሰማንያው ሲቃረብ የሚቀጥለው መላ ከቤተ ክርስቲያን በኩል መጣ። የወይራ ገደል ሚካኤል ካህን መምሬ ቴዎፍሎስ ሜሮናቸው አልቆ ነበር። ያለ ቅብዓ ሜሮን ክርስትና የለም፤ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ የሚያመጣ አልተገኘም። በፍኖተ ሰላም ዳር ባለችው ኪዳነ ምሕረት እንዳለ ስለ ሰሙ፣ «ሕፃኗን እዚያ ወስደን እናነሳታለን» አሉ። ሴት ልጅን የምታነሳት ሴት ናት፤ የክርስትና እናት። ሠርክአዲስ ቃሉ ከአፋቸው ሳይወድቅ «ያምሮት ናት» አለች። ለክርስትና የሚሄድን ሰው እስካሁን መንገድ ላይ ያስቀረ አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ከደረሰች የሠርክአዲስ እህት እህተ ማርያም አለች፤ ቤቷም ከአስፓልቱ ርቆ ከትልቅ ግቢ ውስጥ ነው። ያምሮት ከዚያ አትመለስም። የክርስትና እናት አንዲት ብቻ ስለሆነች፣ አደይና ሌሎቹ ከመጋረጃው ጀርባ ቀሩ።

በዋዜማው ማታ ሕፃኑ ጡት እንቢ አለ። ሰውነቱ ተቃጠለ፤ ከዚያ ዓይኑ ተገለበጠ። ከምሽት በኋላ ከደጅ የታየ ይተኮስበታል፤ መምሬን መጥራት አልተቻለም። ሠርክአዲስ በሕይወቷ የተማረችውን ሁሉ ሞከረች። ሕፃኑ በእናቱ ክንድ ላይ ዝም አለ።

ያምሮት አፏን ከፈተች፤ ሠርክአዲስ በመዳፏ ያዘችው። ለቅሶ ከተሰማ የአራስ ቤት የለም። የክርስትና መንገድም የለም።

ሦስቱ በጨለማ ተቀመጡ፤ ልጃገረዶቹ ከመጋረጃው ጀርባ እንደተኙ ነበሩ። ሠርክአዲስ ከምራቷ ምን እንደምትፈልግ ታውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሚለመን ግን አላወቀችም። ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ሲገባ ምሥራቅ ተናገረች።

«አንቀልባውን ያቀብሉኝ፣ እማ።»

«ልጄ…»

«ያቀብሉኝ። ሳይደርቅ።»

ምን ሳይደርቅ እንዳለች ሠርክአዲስ የገባት የመሰላት ሕፃኑን ስታሳዝላት ነው። እግሮቹ እምብዛም አልታጠፉላትም።

መምሬ ቴዎፍሎስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ጥቁር ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ይጠብቋቸው ነበር። ሦስቱንም መስቀል አሳለሟቸው።

«የክርስትና እናት፣ ጾመሽ አደርሽ?»

«ጾሜ አደርሁ፣ መምሬ» አለች ያምሮት። በመዳፏ ውስጥ ለሕፃኑ አንገት የገመደችው ማተብ ነበር።

«ደግ። ዛሬ ሕፃኗም ጨዋ ሆናለች። ሌላ ቀን ጩኸቷ ቤተ ልሔም ድረስ ይመጣና ዲያቆኑን ያሳስተው ነበር። ድምፃም ናት፤ ወንድ ብትሆን ለድጓ አስቀራት ነበር።»



«ደክሟት ተኝታለች» አለች ምሥራቅ።

ትምህርት ቤቱን በስተግራ ትተው ወረዱ። በቆርቆሮው በረንዳ ሥር የተቀመጠ ጠባቂ ከአፉ ላይ የጥርስ መፋቂያውን አንሥቶ ለመምሬ ራሱን ዝቅ አደረገ። የጤፉ ማሳ ገና ቡቃያ ነው፤ ውኃ አቁሯል። የጎማ ጫማቸው በጭቃው እየተያዘ በየጥቂቱ ይቆማሉ። መምሬ ፊት ፊት እየሄዱ ስለ ሜሮኑ ያወራሉ፤ ብልቃጡ እንዴት ትንሽ እንደሆነ፣ ከላይ ጥጥ እየወተፉ እንዴት እንደቆጠቡት።

«እስከ ሐምሌ ገብርኤል ድረስ ነበረኝ እኮ» አሉ። «ያን ዕለት የወንድምአገኝን መንታ ሳነሳ ጥጡን ጨምቄ ጨረስሁት።»

ሠርክአዲስ ሰማች። ዞር ብላም አየች። ምሥራቅ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም። የሕፃኑ አርባ ቀን የሞላው በሰኔ መጨረሻ ነበር።

ፀሐይ ለአፍታ ወጥታ ተመለሰች። ከአስፓልቱ ሲደርሱ የምሥራቅ ቀሚስ ከደረቷ በሁለት ቦታ ረጥቦ ነበር። ጡቷ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ አድሮ አሁን መፍሰስ ጀምሯል። ነጠላዋን ወደ ፊት ልትስብ ብላ ተወችው። ሠርክአዲስ ያኔ ገባት። ወተቱ ሳይደርቅ ማለቷ ነበር፤ ወተት የሚፈሳትን እናት ልጇ ሞቷል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ከድልድዩ በፊት ሰዎቹ ገመድ ገትረዋል። ከመንገዱ ዳር ጎማው የወለቀ ባጃጅ ወድቋል። በርበሬ የጫነች አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ከፊታቸው ተራ ይዘዋል። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ የጠመጠመ ወጣት ታጣቂ ጆንያውን በዱላ ይነካካል።

«አባባ፣ ዛሬም አህያዋ መታወቂያ የላትም?»

«አላት ልጄ። ፎቶው እኔን ስለሚመስል አፍሬ ነው የማላሳየው።»

ወጣቱ ሳቀ፤ ገመዱን አነሣላቸው። ከኋላው በርጩማ ላይ የተቀመጠው ግን አልሳቀም። ቀጭን፣ በዕድሜ የገፋ፣ ሌሎቹ «አለቃ» የሚሉት ሰው ነው። በቢላዋ ጥፍሩን ያጸዳል።

«መምሬ፣ ወዴት ነው?» አለ ወጣቱ።

«ክርስትና ልናነሳ። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እንድንደርስ ነው።»

«በእናንተ በኩል ቤተ ክርስቲያን ጠፋ?»

«ቤተ ክርስቲያንስ አልጠፋም፤ ሜሮን ጠፋ። መንገዱ ለምን እንዳላመጣው እናንተ ታውቁታላችሁ።»

«ኧረ መምሬ፣ ሜሮን እኛ አልበላንም።» ወጣቱ እጁን ወደ ሠርክአዲስ ቋጠሮ ዘረጋ። «ዳቦ ከሆነ ግን እንበላለን።»

«ሳይባረክ?» አለች ሠርክአዲስ።

«መምሬ እዚሁ ይባርኩታ።»

መምሬ ባረኩት። አለቃው በዚያው ቢላዋ ከድፎው ግማሹን ቆረሰ። እያላመጠም ያምሮትን ማየት ጀመረ። አስተያየቱን ሠርክአዲስ በጀርባዋ ሳይቀር አወቀችው።

«ይቺስ?»

«የክርስትና እናቷ ናት» አሉ መምሬ።

«ራሷ ልጅ አይደለች እንዴ? ስምሽ ማነው?»

ያምሮት ማተቡን በመዳፏ ጨበጠችው። 

«ጭምት ናት» አለ አለቃው። ፍርፋሪውን ከጭኑ አራገፈ። «እዚህ ወጥ የሚሠራልን ሰው አጥተናል። እሷ ትቆይልን። ስትመለሱ ይዛችኋት ትሄዳላችሁ።»

ወጣቱ ወደ ወንዙ ዞረ።  ከድልድዩ በታች የላህ ወንዝ ደፍርሶ ይወርዳል።

«የክርስትና እናት ከሌለች ክርስትና የለም» አሉ መምሬ።

«አሮጊቷ አሉ አይደለም? እሳቸው ያንሷት።»

ሠርክአዲስ ከጨርቁ ውስጥ ከቀረው ድፎ ላይ ቀና አለች። ሌሊቱን ውኃ እንኳ አልቀመሰችም።

«እኔ አልሆንም» አለች። «ጥዋት በልቻለሁ።»

ወጣቱ ዞር አለ። «በፍልሰታ? እርስዎ?»

«በፍልሰታ። እኔ።»

መምሬ ቴዎፍሎስ የንስሐ አባቷ ናቸው። ፍልሰታን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ፈትታ እንደማታውቅ ያውቃሉ። አዩዋት። ዓይኗን ከዓይናቸው አላሸሸችም።

«ጊዜው ተበላሽቷል» አለ ወጣቱ እየሳቀ፤ ነገሩን ለማለዘብ ይመስላል። «ባልቴት እንኳ መጾም ተወ። እስቲ ሕፃኗን ልያት» አለና ከምሥራቅ ኋላ ዞረ።

«ዓይን ይበላታል» አለች ምሥራቅ። «ገና ክርስትና አልተነሣችም።»

«ፊቷን አላይም። እኔም አንዲት አለችኝ። ስወጣ ጥርስ አላወጣችም ነበር።»

ከነጠላው ሥር በአንቀልባው ጎን አንዲት እግር ወጥታለች። ወጣቱ በሁለት ጣቱ ያዛት።  ምሥራቅ እንደ ግንድ ቆመች፤ ከደረቷ ወተቱ ይንጠባጠባል። ወጣቱ የቀሚሷን መራስ አይቶ በእፍረት አቀረቀረ።

«እግሯ በረዶ ሆኗል» አለ። «ምነው፣ እናንተ ሴቶች፣ በዚህ ብርድ እግሯን ትታችሁ…»

አረንጓዴውን ሻርፕ ከአንገቱ ፈትቶ ነጠላውን ገለጥ ሳያደርግ የሕፃኑን እግሮች አንድ ላይ ጠቀለለ። በጥንቃቄ ነበር የጠቀለለው። ጫፉንም ወደ ውስጥ ሸጎጠ።

መምሬ ቴዎፍሎስ እግሯን አይተዋል። በብዙ ሬሳ ላይ ጸልየዋል፤ የሰም መልክ ያውቃሉ። ጃንጥላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። ሠርክአዲስን አላዩም፤ ምሥራቅንም አላዩም።

አለቃው ተነሣ። «መምሬ፣ እኔ ሰው የማምን አይደለሁም፤ መስቀል ግን አምናለሁ። መስቀሉን ይዘው ይንገሩኝ። ይቺ ልጅ ዛሬ ክርስትና ታነሳለች?»

መምሬ የእጅ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ከዕንጨት የተሠራ ነው፤ የሚያዝበት በአባታቸው እጅ አልቆ በእሳቸውም አልቋል። ጊዜው ረዘመ። 

«ታነሳለች» አሉ መምሬ።

አለቃው መስቀሉን ተሳለመ፤ በግንባሩ፣ በከንፈሩ። ወጣቱ ገመዱን አነሣ።

ከመታጠፊያው ባሻገር ድልድዩ ከዓይናቸው ሲሰወር ዝናቡ እንደገና ጀመረ። መምሬ ጃንጥላቸውን አልዘረጉም። ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ከዶሮ ጩኸት በፊት» አለች ሠርክአዲስ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እርስዎ ውሸት አያውቁበትም ብለን ነው፣ መምሬ።»

ካህኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። መስቀሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ከደረታቸው ከተቱት። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አላወጡትም።

ኪዳነ ምሕረት ሲደርሱ ቅዳሴው ገና አልተገባም። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ፍትሐት አይፈታም፤ ከቅጥሩ ውስጥም አይቀበርም። ይህን ለምሥራቅ የነገራት የለም፤ ታውቀዋለች። ከደጁ አልፋ፣ ቅጥሩን ተከትላ፣ ባሕር ዛፍ ካለበት ሄዳ ቆመች። መምሬ ከግቢው ዘበኛ ዶማ ተዋሱ። ሠርክአዲስ ልትቀበላቸው እጇን ብትዘረጋ አልሰጧትም፤ ካባቸውን አውልቀው ራሳቸው ቆፈሩ። አፈሩ ርሶ ነበር፤ አልከበዳቸውም።

ሠርክአዲስ አንቀልባውን ፈታች። በተወለደ ዕለት እንዳጠበችው ልታጥበው ፈለገች፤ ከቅጥሩ ጥግ ከወረደ የዝናብ ውኃ በመዳፏ ቀዳች። ጨርቁን ስትገልጠው መምሬ ከጉድጓዱ ቀና ብለው ነበር።

ዶማው ከእጃቸው ቆመ።

«ወንድ ነው» አሉ።

«ወንድ ነው።»

 መምሬ አንድ ነገር በልባቸው የሚቆጥሩ መሰሉ፤ ከሐምሌ ወደ ሰኔ፣ ከሰኔ ወደ ግንቦት።

«በአርባ ቀኑ ሜሮን ነበረኝ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ መምሬ» አለች ምሥራቅ።

«ደጄ ላይ ነበራችሁ። ጥጡን ቀድሜ ለእሱ…» አልጨረሱትም።

«ያን ዕለት ጤነኛ ነበር። ጡቴን ይዞ ይስቅ ነበር። ያምሮት ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች።» ምሥራቅ ይህን ያለችው ለካህኑ ብቻ አልነበረም። ያምሮት ሰምታ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «አንቺን አይደለም የምወቅሰው» አለቻት ምሥራቅ። ከዚያ ቆይታ፣ «እሱንም እወደው ነበር» አለች።

ሠርክአዲስ ሕፃኑን በነጭ ነጠላዋ ገነዘችው። አረንጓዴውን ሻርፕ ከእግሩ ልትፈታ ስትል ምሥራቅ ያዘቻት።

«ይተዉት።»

«የእነሱን?»

«እግሩ ይበርደዋል።»

ያምሮት ቀረበች። መዳፏን ከፈተች፤ ማተቡ ከላቧ ተጣብቆ ነበር። ክርስትና ላልተነሣ ልጅ ማተብ አይታሰርም። ወደ መምሬ አየች። መምሬ ቴዎፍሎስ ፊታቸውን ወደ ቅጥሩ አዙረው ቆሙ፤ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት እንደሚመረምር ሰው። ያምሮት በሕፃኑ አንገት ላይ አሰረችው። ሁለቴ ቋጠረችው። መምሬ ሲዞሩ ያዩ አልመሰሉም።

አፈሩን ከመለሱ በኋላ ሠርክአዲስ ከምራቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አሁን አልቅሺ፣ ልጄ። እዚህ የሚሰማብን የለም።»

ምሥራቅ ዙሪያዋን አየች፤ ባሕር ዛፉን፣ ቅጥሩን፣ የማታውቀውን መንገድ። በወይራ ገደል ቢሆን ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ከየደጃቸው በመጡ፤ የሕፃኑን ስም በጠሩ፣ አባቱን ባነሡ፣ ግጥም በሰጧት።

«ብቻዬን ማልቀስ አላውቅበትም፣ እማ» አለች።

ያምሮት ከኋላዋ ተንበርክካ አንቀልባው በነበረበት ቦታ ግንባሯን በጀርባዋ ላይ አሳረፈች።  የቅዳሴው ደወል ተደወለ።

ያን ማታ ሁለቱን ወጣቶች እህተ ማርያም ተቀበለች። የቤቱ በር ከውስጥ በብረት መዘጋቱን ሠርክአዲስ በእጇ ሞከረችው። ምሥራቅ አንሶላ ቀድዳ ጡቷን አሰረች። «አንቺም እደሪ» ብላ እህተ ማርያም ብትለምናት ሠርክአዲስ እሺ ያለችው ለአንዲቱ ሌሊት ነው።

«ቤቴ ልጆች ትቻለሁ» አለች።

በማግስቱ እሷና መምሬ ድልድዩ ሲደርሱ ገመዱን የያዘው ያው ወጣት ነበር። አንገቱ ባዶ ነው።

«እንኳን ደስ አላችሁ። ክርስትና ስሟን ማን አላችኋት?»

መምሬ ወደ ወንዙ ይመለከታሉ።

«ወለተ ሥላሴ» አለች ሠርክአዲስ።

«ጥሩ ስም ነው። እናትየዋስ?»

«እህቴ ዘንድ አረፍ ብላለች። ደክሟታል።»

«የክርስትና እናቷስ? አለቃ ሲጠይቅ ነበር።»

«ሕፃኗን ይዛላት ቀረች።»

ወጣቱ ገመዱን አነሣ፤ ቆየት ብሎም ከኋላቸው ተጣራ። «እማማ፣ ሻርፑ ለእሷ ይሁን። እንዳይመልሱልኝ።»

ሠርክአዲስ ሳትዞር እጇን አነሣችለት።

ወይራ ገደል ሲደርሱ መምሬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልገቡም፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ተሳልመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሌላ ካህን ንስሐ ገብተው ቀኖናቸውን እስኪፈጽሙ አልቀደሱም፤ ምክንያቱን የጠየቃቸውም አላገኘም። ሠርክአዲስ በመንገዱ ያገኟት ጎረቤቶች «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ሲሏት «አሜን» አለች። ከደጇ ላይ ቆማ ጫማዋን ከጭቃው አራገፈች።

ልጃገረዶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ነበሩ። አደይ ብቻ ብቅ አለች።

«እማማ፣ ሕፃኗ የለችም?»

«የለችም።»

«እንግዲህ ቤቱ አራስ ቤት መሆኑ ቀረ?»

ሠርክአዲስ በሩን ዘጋች፤ መወርወሪያውንም አስገባች። በርጩማዋን ሳበች፤ ከበሩ ጀርባ አስጠግታ ተቀመጠችበት።

በወይራ ገደል እስከ መስቀል ድረስ ሌላ ልጅ አልተወለደም።